በፖስታ ለሚላክ ዕቃ የሽያጭ ታክስ አሰላል

ንግድ በእውነተኛ ሚዛን ካልቆመ በረከት የለውምና፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ተቀምጦ ጀበናና ስኒ በፖስታ እየላከ የሚሸጥ ወገናችን ሁሉ፣ ከገዢው ከሚቀበለው ገንዘብ የትኛው የራሱ፣ የትኛው የመንግሥት አደራ እንደ ሆነ አስቀድሞ ለይቶ ሊያውቅ ይገባዋል። ይልቁንም ብዙውን ሰው የሚያደናግረው የፖስታው ዋጋ ስለ ሆነ፣ ሥርዐቱን በየተራው እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ከግዛቱ ግብር ሰብሳቢ (ኮምፕትሮለር) መሥሪያ ቤት የሽያጭ ታክስ ፈቃድ ያውጣ። በአማዞን ወይም በኤትሲ በኩል ለሚሸጠው ግን ታክሱን ሰብስበው የሚያስገቡት እነርሱ ናቸውና፣ ዳግመኛ አያስከፍል።

ሁለተኛ፤ ጥቅሉ ወደ የትኛው ግዛት እንደሚሄድ ይመልከት። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዌይፌር ኩባንያ ጉዳይ ከፈረደ ወዲህ፣ አንድ ግዛት በውስጡ ሱቅም መጋዘንም የሌለውን ነጋዴ፣ ሽያጩ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ታክስ እንዲሰበስብለት ማዘዝ ይችላል፤ ይህም መጠን በቴክሳስ በዓመት 500,000 ዶላር ነው።

ሦስተኛ፤ ደረሰኙን በጥንቃቄ ይጻፍ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ይህ ነውና። በሜሪላንድ ሕግ የማጓጓዣው ዋጋ ለብቻው በራሱ መስመር ሲጻፍ ከታክስ ነጻ ሲሆን፣ የማሸጊያው ዋጋ ግን ታክስ ይከፈልበታል፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ከተደባለቁም ድምሩ በሙሉ ታክስ ይከተለዋል። ለምሳሌ ጀበናው 40 ዶላር፣ ፖስታው 10፣ ማሸጊያው 3 ቢሆንና እያንዳንዱ ለየብቻው ቢጻፍ፣ የግዛቱ የታክስ ልክ የሆነው 6 በመቶ የሚሰላው በ43 ዶላር ላይ ስለ ሆነ ታክሱ 2.58 ዶላር ይሆናል፤ «ፖስታና ማሸጊያ 13 ዶላር» ተብሎ በአንድነት ቢጻፍ ግን ስሌቱ ከ53 ዶላር ስለሚነሣ 3.18 ይደርሳል፤ ገዢውም በአጻጻፍ ጉድለት ብቻ 60 ሳንቲም ያለ አግባብ ይከፍላል።

አራተኛ፤ ሜሪላንድን አይቶ ሌላውን ግዛት በዚያው አይመዝን። በኒው ዮርክና በቴክሳስ ዕቃው ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ፣ ፖስታው ለብቻው ቢጻፍ እንኳ ታክስ ይከፈልበታል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነጻ የሚሆነው ለፖስታ ቤቱ በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ነጋዴው በዚያ ላይ የጨመረው ትርፍ ታክስ ስላለበት፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከሽያጩ ደረሰኝ ጋር አያይዞ ያኑር።

አምስተኛ፤ የሰበሰበውን ታክስ ከሱቁ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቅል፣ በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጦ፣ የሒሳቡ ዘመን ካለቀ በኋላ ባለው ወር እስከ 20ኛው ቀን ድረስ ከታክስ ማስታወቂያው ጋር ያስገባ፤ ሽያጭ ባይኖር እንኳ ማስታወቂያውን ማቅረብ ግዴታው ነው። ገዢው በእምነት የከፈለውን ታክስ ለቤት ኪራይ ወይም ለዕቃ መግዣ ያዋለ ነጋዴ የሌላውን ሀብት አጥፍቷልና፣ ቀኑ ሳይደርስ ሒሳቡን አጣርቶ ይጠብቅ።