በፎርሃንድ ማን ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ሞጣ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ቴኒስ እንጫወታለን። አንዱ ማ ሎንግን፣ ሌላው ሪዩ ሱንግ ሚንን እያነሣ እንከራከራለን፤ መስማማት ግን አልቻልንም። በፎርሃንድ ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? እኔም ጠንከር አድርጌ ስመታ ትከሻዬን ያመኛል፤ ምን ይመክሩኛል?
አንባቢ፣ ከሞጣ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያልተስማማችሁት አንዳችሁ ጉልበትን፣ ሌላችሁ አስተማማኝነትን ስለምትለኩ ይመስለኛል። የደቡብ ኮሪያው ሪዩ በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ዋንግ ሃኦን 4 ለ 2 ሲረታ ትልቁ መሣሪያው በፈጣን እግሮቹ የታገዘው ፎርሃንዱ ነበር፤ በጉልበት ብቻ ከተመዘነ ለእሱ የሚከራከረው ጓደኛዎ አልተሳሳተም። እኔ ግን ለቻይናዊው ማ ሎንግ እፈርዳለሁ። በ2014 ኳሷ ከሴሉሎይድ ወደ ፕላስቲክ ስትቀየር ሽክርክሪቷ ቀነሰ፤ በሽክርክሪት ላይ የቆመ ምት ሁሉ ተፈተነ። ማ ሎንግ ከዚያ በኋላ በ2015፣ በ2017 እና በ2019 በነጠላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በሪዮና በቶኪዮ ኦሊምፒክም ወርቅ ወሰደ። ድሉ የፎርሃንዱ ብቻ አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ሆኖም ነጥቡን በብዛት የሚቋጨው በዚሁ ምት ነበር።

ወደ ትከሻዎ ሕመም ስንመጣ፣ የምቱ ኃይል የሚመነጨው ከእግርና ከወገብ ነው። ቀኝ እጅዎን የሚጠቀሙ ከሆነ ጉልበትዎን ሸብረክ አድርገው ክብደትዎን በቀኝ እግርዎ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ወገብዎን እያዞሩ ይምቱ። በክንድ ብቻ መምታት ትከሻን ያደክማል፣ ሊጎዳም ይችላል። የሚቻል ከሆነ አሠልጣኝ አቋምዎን ይመልከትልዎ። ሕመሙ በእረፍት ካልተሻለዎ ወይም ክንድዎን ማንሣት ካስቸገረዎ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ እስከዚያው ጠንካራ ምት እንዳይሞክሩ አደራ እላለሁ።