ፊደልና ፍርድ፦ ሳታነቡ አትፈርሙ

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ገጣጥማችሁ ይህን ገጽ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ ያላችሁ! የዛሬው ትምህርት ስለ ፊደልና ስለ ፍርድ ነው። ታዲያ ፊደልን ከፍርድ ጋር ምን አገናኘው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከአንድ ቦታ እንነሣ።

1. ከእንጦጦ ጥግ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አለ። ስፋቱ 705 ሄክታር ነው። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ዓላማው እንደ ጽድ፣ እንደ ወይራና እንደ ኮሶ ያሉትን የአገር ዛፎች ከመጥፋት ማዳን ነው። ደን ከሌለ ምንጭ ይደርቃል፤ አፈር ይታጠባል። ይህን ገበሬ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ሌላም እውነት አለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከገባ ወዲህ የከተማው ድሃ ምድጃ ብዙ ዘመን የነደደው በእንጦጦ እንጨት ነው። እንጨቱን በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ሸክሙ ከ30 ኪሎ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከነዚህ እናቶች የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ ደኑም መጠበቅ አለበት፤ እናቲቱም በሕግ ፊት መጠበቅ አለባት።

2. አንድ ምሳሌ እንውሰድ

አንዲት እናት ከተከለለ ደን ጭራሮ ስትለቅም ተያዘች እንበል። ክልክል መሆኑ በሰሌዳ ተጽፏል። እሷ ግን ማንበብ አትችልም። ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ወረቀት ቀረበላት። «እዚህ ላይ አሻራሽን አድርጊ» ተባለች። አደረገች። ወረቀቱ «ጭራሮ ለቀምኩ» ይላል ወይስ «ዛፍ ቆረጥኩ»? አታውቅም። ሁለቱ ጥፋቶች እኮ እኩል አይደሉም!

«ሕጉን አላውቅም ነበር» ብትልም ብዙ አይረዳትም። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ሕግን አለማወቅ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። እስቲ አስቡት። ሕግ ሁሉም ሰው እንዲያውቀው ይጠይቃል። ማንበብ ግን ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም። ትምህርት የፍትሕ አንዱ ክፍል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

3. ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለተያዘ ሰው መብት ሰጥቷል። እነዚህን በቃላችሁ ያዙ።

ሀ/ ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል።
ለ/ ዝም የማለት መብት አለው። ተገድዶ የሰጠው ቃል ማስረጃ አይሆንበትም።
ሐ/ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የመንገዱ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም።
መ/ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ወንጀለኛ አይቆጠርም።
ሠ/ የችሎቱን ቋንቋ ካልሰማ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይቆምለታል።
ረ/ ጠበቃ የማቆም አቅም ካጣና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል።

እነዚህ በአንቀጽ 19 እና 20 ይገኛሉ። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው ሁሉ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በሀብት ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። የወንጀል ሕጉም ዳኛ የገንዘብ መቀጮ ሲወስን የጥፋተኛውን አቅምና የቤተሰብ ኃላፊነት እንዲያይ ያዛል።

4. ሕግ ራሱ ዘር የለየበት ጊዜ

ይህ እኩልነት እንዲሁ የተገኘ አይምሰላችሁ። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘ ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለየ። ዋናውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደ። ትምህርት ቤቱንም ለየብቻ አደረገ። በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በወንጀል እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ወዲህ ብዙ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ገዢው የተማረን ሰው ይፈራ ነበርና።

በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 የወጣው ሕግ ለጥቁር ልጆች የተለየና ያነሰ ትምህርት መደበ። ጥቁር ሰው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከተማ ውስጥ ከተገኘ ይታሰር ነበር። የይለፍ ሕጉ የተሻረው በ1986 ነው። ትምህርትን የነፈገና እስር ቤትን የሞላ አንድ እጅ ነበር።

ለእኛ ትምህርቱ ምንድን ነው? እኩልነት በወረቀት ብቻ አይበቃም። ጭራሮ የለቀመችው ታስራ፣ ግንዱን በመኪና የሚያግዘው ዝም ከተባለ ፍርድ ተጓደለ። በጉለሌ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛና ጋሞኛ የሚናገር ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። አንዱ በቋንቋው ምክንያት ሳይሰማ ቢፈረድበት ያም አድልዎ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው፣ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ካልተማረ ትምህርቱ ስለማይገባው ነው።

5. ምን እናድርግ?

ወረቀት ሲቀርብላችሁ «ቆይ፣ ላንብበው» በሉ። ካቃታችሁ «ቃሌ ይነበብልኝ» በሉ። ያላላችሁት ከተጻፈ እንዲታረም ጠይቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሴት ልጃችሁን ለእንጨትና ለውሃ ብላችሁ ከትምህርት አታስቀሩ። ማንበብ የቻለ ለጎረቤቱ ያንብብ። ደኑንም አብረን እንጠብቅ፤ መብት ማወቅ ጥፋት ለመሥራት ፈቃድ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት?
2. በምሳሌው ያለችው እናት አሻራ ከማድረጓ በፊት ምን ማለት ነበረባት?
3. በቀበሌያችሁ ማንበብ ያልቻለ ማን አለ? ማን ያስተምረው?