በትልቅ ካሊበር ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ላይ ቴሌስኮፕ መግጠም፦ የክብደት፣ የርግጫና የማጣጣም ጥያቄ

ዝሆንን፣ ጎሽንና አንበሳን በቅርብ ርቀት ለማደን የሚያገለግለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጆን ሪግቢ እ.ኤ.አ. በ1898 ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የ.450 ናይትሮ ኤክስፕረስ ጥይት ካወጣ በኋላ .470 እና .600 ተከታትለው መጡ። መሣሪያው ሁለት አፈሙዞች፣ ሁለት ቃታዎችና ራሳቸውን የቻሉ ሁለት መምቻዎች አሉት። አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ይተኩሳል፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ባለሙያ አዳኞች እስከ ዛሬ ያልተዉትም ስለዚህ ነው። በዚህ መሣሪያ ላይ ቴሌስኮፕ መግጠም ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲቆጠር ቆይቷል። ነቀፌታው በከፊል የልማድ ነው፤ በከፊል ግን ጠንካራ የሜካኒክስ መሠረት አለው።

መሠረቱን ለመረዳት የሁለቱን አፈሙዞች አሠራር ማየት ያስፈልጋል። አፈሙዞቹ ትይዩ አይደሉም፤ ወደ ጫፋቸው ይቀራረባሉ። የቀኙ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ላይና ወደ ቀኝ፣ የግራው ሲተኮስ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ግራ ይሽከረከራል፤ ጥይቱም ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ይህ እንቅስቃሴ ይጀምራል። ሠሪው በአፈሙዞቹ ጫፍ መካከል ያለውን ሽብልቅ እያንቀሳቀሰ፣ እየተኮሰና እንደገና እየበየደ ሁለቱ ጥይቶች በተወሰነ ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ሜትር ባለው ውስጥ፣ አንድ ቦታ እንዲያርፉ ያደርጋል። ይህ አድካሚ ማጣጣም የሚጸናው ለአንድ ዓይነት ጥይት፣ ለአንድ የባሩድ መጠንና ለአንድ የጠመንጃ ክብደት ብቻ ነው።

ቴሌስኮፕ የሚያናጋው ይህን የመጨረሻውን ነው። የ.470 ጥይት እርሳስ 32.4 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 655 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል። የባሩዱ ጋዝ ሲታከልበት 5 ኪሎግራም የሚመዝን ጠመንጃ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይረግጣል። 600 ግራም የሚሆን ቴሌስኮፕ ከነማሰሪያው ሲጨመር ይህ ፍጥነት በአንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ለተኳሹ ትከሻ መልካም ዜና ነው፤ ለማጣጣሙ ግን አይደለም። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት የሚኖረው ሽክርክሪት ስለሚያንስ የቀኙ ጥይት ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ የመሻገር ዝንባሌ ያሳያል። ክብደቱ ከአፈሙዞቹ በላይ በመሆኑም የከፍታው ልክ ሊለወጥ ይችላል። የልዩነቱ መጠን ከጠመንጃ ጠመንጃ ስለሚለያይ በስሌት ብቻ አይደረስበትም፤ በወረቀት ዒላማ ላይ መተኮስ ግድ ይላል።

ማሰሪያውም ይፈተናል። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ በሚቆይበት ከ2 ሚሊሰከንድ ያልበለጠ ጊዜ ቴሌስኮፑን ወደ ኋላ የሚጎትተው ኃይል በአማካይ ከ1000 ኒውተን በላይ ነው፤ አንድ መቶ ኪሎ ከሚመዝን ሸክም ጋር ይነጻጸራል። ከዐይን ወደ ሌንሱ ያለው ርቀት ከ9 ሴንቲሜትር ካነሰ ዋጋውን የሚከፍለው የተኳሹ ቅንድብ ነው።

ታዲያ ለምን ይገጠማል? ክፍት ማነጣጠሪያ ዐይን የኋላውን ቪ፣ የፊቱን ነጥብና እንስሳውን በአንድ ጊዜ አጥርቶ እንዲያይ ይጠይቃል፤ ዕድሜው 50 ላለፈ ሰው ይህ የማይቻል ያህል ነው። ቴሌስኮፕ ሦስቱን በአንድ ጠለል ላይ ያመጣቸዋል። የፊት ሌንሱ 24 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ4 እጥፍ ማጉላት 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብርሃን ጨረር ለዐይን ያደርሳል፤ ይህም በምሽት ጥላ ውስጥ ከጥቁር ጎሽ ትከሻ ላይ ትክክለኛውን ቦታ ለመለየት በቂ ነው። ያለ ቦታው የተመታ ጎሽ ወደ ጥሻ ይገባል፤ ዱካውን ተከትለው ቀድመው የሚገቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠመንጃ ያልያዙት ዱካ ፈላጊዎች ናቸው።

በቅርብ ርቀት ሚዛኑ ይገለበጣል። በ4 እጥፍ ማጉላት የእይታው ስፋት በ100 ሜትር ላይ 10 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በ10 ሜትር ላይ 1 ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ተኳሹ የሚያየው ፀጉር እንጂ እንስሳ አይደለም። የቴሌስኮፑ ማእከል ከአፈሙዙ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ በ50 ሜትር ከተስተካከለ፣ በ5 ሜትር ላይ ጥይቱ 4.5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። የዝሆን አንጎል በግዙፉ የራስ ቅል ውስጥ ወደ ኋላ ተሸሽጎ ስለሚገኝ ይህ ንቀት የሚገባው ልዩነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የእስያ ዝሆኖች ልኬት በሰከንድ ወደ 7 ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አሳይቷል፤ በዚህ ፍጥነት 20 ሜትር ከ3 ሰከንድ በታች ያልቃል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ያለ መፍቻ የሚወልቅ ማሰሪያ ነው፤ የጀርመንና የኦስትሪያ ሠሪዎች በእጅ ሞርደው የሚያስማሙት ባለ ጥፍር ማሰሪያ ለዚህ የታወቀ ነው። ሲወልቅ ግን ጠመንጃው ወደ ሌላ ክብደት ይመለሳልና፣ ማጣጣሙ ለየትኛው ሁኔታ ይሁን የሚለው ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ቴሌስኮፑ ተገጥሞ ሳለ ሊሆን ይገባል። ስሕተቱ የማዕዘን ስሕተት በመሆኑ በ50 ሜትር ላይ 8 ሴንቲሜትር የሆነ መሻገር በ15 ሜትር ላይ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል፤ አዳኙም ቴሌስኮፑን የሚያወልቀው ወደ ጥሻ ሲገባ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ሊታደንበት በታሰበው ጥይት፣ በቴሌስኮፕና ያለ ቴሌስኮፕ፣ ቀኝና ግራ ተከታትለው ይተኮሳሉ፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ በኋላ አፈሙዞቹ እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃል።