የአራዳ ጊዮርጊስን ፎቶ ሳያበላሹ ማሳነስ

የካቲት 23 ማለዳ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆመው ያነሡት የምኒልክ ሐውልት ፎቶ፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሲልኩት አልሄድ ብሎ ይሽከረከራል። ኔትወርኩ ቢጨናነቅም ፋይሉ ራሱ ከብዷል። በ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ነው፤ ተቀባዩ የሚያየው ግን ብዙ ጊዜ ስፋቱ 1080 ፒክስል በሆነ የስልክ ስክሪን ላይ ነው።

መጀመሪያ ግልባጭ ያውጡ። ዋናው ፎቶ ሳይነካ ይቀመጥ፤ አንድ ቀን በትልቁ ለማሳተም የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ቀጥሎ ልኬቱን ይቀንሱ። ስኩሽ (Squoosh) የተባለውን ነጻ መሣሪያ በብሮውዘር ከፍተው ግልባጩን ያስገቡበት። ሥራውን እዚያው ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ላይ ስለሚጨርስ ፎቶው ለሌላ ወገን አይላክም። ረጅሙን ጎን 1600 ሲያደርጉት አጭሩ 1200 ይሆናል፤ የፒክስሉ ብዛትም ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ጥራቱን ብቻ ስለሚቀንስ ፎቶው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ጄፔግን መርጠው ጥራቱን 80 ላይ ያድርጉ። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን እምብዛም የማይለየውን ዝርዝር ይጥላል፤ ከልክ በላይ ሲጨመቅ ካሬዎቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ስለዚህ በስኩሽ ገጽ መሐል ያለውን መስመር ግራና ቀኝ እየጎተቱ የበፊቱን ከአሁኑ ያወዳድሩ። ከሐውልቱ ጀርባ ያለው ሰማይ ደረጃ ደረጃ ከሠራ፣ ወይም ሽቅብ በተነሡት የፈረሱ እግሮች ዙሪያ ብናኝ መሰል ነገር ከታየ፣ ወደ 85 ከፍ ያድርጉት። ካልታየ 75ንም ይሞክሩ።

ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በፈቃድ የሚነሣ ፎቶ ሌላ ጠባይ አለው። ብርሃኑ ሲያንስ ካሜራው አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይጨምራል፤ ጄፔግ ያንን አሸዋ ከአፈወርቅ ተክሌ ሞዛይክ ጠጠሮች ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ለማስቀመጥ ሲታገል ፋይሉ ይወፍራል። መፍትሔው ቀድሞ ነው፦ ስልኩን በሁለት እጅ አጥብቀው ወይም ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ፍላሽ ሳይጠቀሙ ያንሡ። ይህን ዓይነቱን ፎቶ ከ85 በታች ባያወርዱት እመክራለሁ።

ጽሑፍ ያለበትን ስክሪንሾት ግን በፒኤንጂ ያስቀምጡ፤ ጄፔግ የፊደሉን ጠርዝ ያቆሽሻል።

ውጤቱ ካልጣመዎት ያሳነሱትን እንደገና አያሳንሱ፤ ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ይጎዳልና ከዋናው ይጀምሩ። በቴሌግራም ሲልኩም «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ። በ«ፎቶ» ከላኩት ቴሌግራም በራሱ ልክ መልሶ ይጨምቀዋል።