በሐራጅ የተሸጠ የሌላ ሰው ቤት፦ ተቃውሞው በየት በኩል፣ እስከ መቼ?

ስለ ፍርድ አፈጻጸም ስንማር «ሽያጩ ፈራሽ ከሆነ ጊዜ አያግደውም» የሚል መልስ በክፍል ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል። መልሱ ጭራሽ ስሕተት ነው ባልልም፣ እንዳለ ለባለጉዳይ ቢነገረው ግን ቤቱን ሊያሳጣው ይችላል።

ከአካባቢያችን ምሳሌ ልውሰድ። ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄድ የታወቀ ነው። እንበልና አንዱ በላከው ገንዘብ ዳምቦያ ከተማ ቤት ተሠራ፤ ካርታውም በስሙ ወጣ። ቤቱን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድሙ ግን ተበድሮ ሳይከፍል ቀረና ተፈረደበት። የፍርድ ባለመብቱ «ቤቱ የባለዕዳው ነው» ብሎ አስከበረው፤ ሐራጅ ወጣ፤ ተሸጠ። ታላቅየው ምን ያድርግ?

ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጠራው የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358ን ነው። ይህ ግን የክርክሩ ተካፋይ መሆን ይገባው የነበረ ሰው፣ ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት፣ ፍርዱን ራሱን የሚቃወምበት ነው። በምሳሌያችን ፍርዱ የሚለው «ታናሹ ይህን ያህል ብር ይክፈል» ብቻ ነው፤ ይህ ታላቁን አይነካውም። የነካው የቤቱ መከበር ነው። ስለዚህ ቦታው ቁጥር 418 ነው፦ «የተከበረው ንብረት የእኔ ነው» የሚል ሰው ለአፈጻጸሙ ችሎት አቤት ይላል፣ ችሎቱም ያጣራል። ካልተሳካለት በቁጥር 421 መሠረት መብቱን በመደበኛ ክስ ማስረዳት ይችላል።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። የ418 አቤቱታ ጥቅሙ ከሐራጁ በፊት ሲቀርብ ነው፤ ውክልና ከውጭ አገር ተረጋግጦ እስኪደርስ ደግሞ ተጫራቹ አይጠብቅም። የሐራጁ ማስታወቂያ በአግባቡ አልወጣም ወይም ማታለል ነበረበት የሚል ተቃውሞም አለ፤ እሱ ግን የሽያጩን አካሄድ እንጂ የባለቤትነቱን ጥያቄ አይመልስም፣ ጉዳት መድረሱንም ማሳየት ይጠይቃል።

ገዥው ቁልፉን ከተረከበስ? እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1810 (2 ዓመት) ወይም 1845 (10 ዓመት) ይጠቀሳሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም አይገጥሙም፤ የውል ድንጋጌዎች ናቸው፣ ባለካርታውና ገዥው ደግሞ አንዳች ውል አልተዋዋሉም። ክሱ በቁጥር 1206 ባለቤት ንብረቱን ያለ መብት ከያዘበት ሰው የሚጠይቅበት ነው። ታዲያ «ጊዜ አያግደውም» ያሉት ልክ ናቸው? እንዲያውም ሌላ ሰዓት ይቆጥራል፦ በቁጥር 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ግብር እየከፈለ 15 ዓመት በተከታታይ በባለቤትነት የያዘ ሰው ባለቤት ሊሆን ይችላል።

(ነገሩ ቤት ሳይሆን የገጠር መሬት ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ከሥሩ ይለያል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት አይሸጥም አይለወጥምና።)

ከ15 ዓመቱ በፊት ግን የሚቀድም አደጋ አለ። በቁጥር 1195 ከአስተዳደር ክፍል የባለቤትነት ማስረጃ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ዛሬ ይህ ግምት ለታላቅየው ነው። ገዥው የሐራጁን ውጤት ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ካርታውን በስሙ ያዞረ ዕለት ግምቱ ወደ እሱ ይገለበጣል፤ የማስረዳት ሸክሙም ከሳሹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ክሱ በሚከፈትበት ቀን፣ ስም እንዳይዛወርና ቤቱ እንዳይፈርስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 የእግድ ማመልከቻ አብሮ መግባት አለበት፤ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን።