የውኃ ተራ በቦረና

በሰሜን ካናዳ ከየሎናይፍ ከተማ አካባቢ ተነሥቶ ወደ አልማዝ ማዕድን ማውጫዎች የሚወስደው የመኪና መንገድ የሚከፈተው ብርዱ ሲበረታ ነው። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ከባድ መኪና በላዩ በቀስታ ይሄዳል፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ መንገዱ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ሐይቅ በጀልባ እንጂ በጭነት መኪና ሲሻገሩ ላላየን ለሐዋሳ ልጆች ተረት ይመስላል።

ይሁን እንጂ የአየሩ ጠባይ ጉዞንና የዕለት ኑሮን የሚያዝበት ሩቅ አገር ከእኛም ዘንድ አለ። ባለፈው ጥር ከአንድ የቦረና ተወላጅ ጓደኛዬ ጋር ወደ ቤተ ሰቦቹ ሄጄ ነበር። ዲላን፣ ይርጋ ጨፌንና ቡሌ ሆራን አልፈን ስንወርድ ቡናውና እንሰቱ ቀረ፤ ግራርና ኩይሳ ተተካ። ከሐዋሳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ያቤሎ አደርን፤ በማግስቱ በአይሱዙ ተጭነን ዱብሉቅ ደረስን።

በዱብሉቅ ያሉት ጥልቅ የውኃ ጕድጓዶች ቦረናዎች «ዘጠኙ ቱላ» ከሚሏቸው መካከል ናቸው። ከብቱ በተቈፈረ ቍልቍለት ወርዶ በጭቃ ከተለሰነ ገንዳ ይጠጣል። ከገንዳው በታች ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ በእንጨት መሰላል ላይ ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ዘፈኑ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ እጅ ለእጅ የሚያገናኘው እርሱ ነው። እኔም ልሞክር ብዬ ገባሁ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳልቆይ ከራስ እስከ እግሬ ርሼ፣ ክንዴ ዝሎ ወጣሁ። ሳቁብኝ።

ውኃው በገንዘብ አይሸጥም። በበጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ይጠጣል፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስነው «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ኀላፊ ነው። በዘፍጥረት 29 መንጎች ሁሉ እስኪሰበሰቡ ከጕድጓዱ አፍ ድንጋዩን የማያነሡትን እረኞች ሳነብ ሥራ ፈቶች ይመስሉኝ ነበር። አሁን ግን ተራ የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ግን አምስት ወቅት በተከታታይ በቂ ዝናብ ሳይጥል አለፈ፤ ከብቱም አለቀ። ከጓደኛዬ አባት ሠላሳ አራት ከብቶች የተረፉት ስድስት ናቸው። እኔ ጥቂት ከብት ከሆነ ሥራው የሚቀልል መስሎኝ ነበር፤ ጕድጓዱ ግን በከብቱ ቍጥር ልክ አያጥርም። አባትየው በልጃቸው አስተርጓሚነት፣ «ልጄ፣ ከብቱ ሲያልቅ ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዱ። አሁን ባልዲ የሚቀበል ሰው እንለምናለን» አሉኝ።

የእርሳቸው ተራ ሰኞ ነበር፤ እኛ ደግሞ ሰኞ ፈተና ነበረን። እሑድ ጧት አውቶቡስ ስሳፈር ጓደኛዬ ደብተሮቹን ሰጠኝና ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ።