የ10ኛ ክፍል ጓደኞቼን ከየት ልፈልጋቸው?

ጥያቄ፦ በ1998 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል አብረውኝ የተፈተኑ ልጆች ናፍቀውኛል። ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በእርስዎ ዘመን ክፍሉን የበተነው የ10ኛው ፈተና ነው፤ ገሚሱ መሰናዶ፣ ገሚሱ ቴክኒክና ሙያ ገባ። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ብቻውን አይበቃዎትም። ሴቶቹን በስም መፈለግ ቀላል ነው፤ እኛ ጋ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። የሚያስቸግረው ውጭ የወጣው ነው። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ«ቲ»ም በ«ኤስ»ም ይጀምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአያቱ ስም ነው የሚታወቀው። ሁሉንም ይሞክሩ።

እኔ ብሆን ግን ከስልኩ በፊት የድሮ ሰፈራቸው ሄጄ የዕድሩን ዳኛ እጠይቃለሁ። ማን ወዴት እንደሄደ ብቻ ሳይሆን የማን ወላጅ እንዳረፈም ያውቃሉ። ያልሰሙት ሐዘን ካለ፣ ደውለው «እማማ ደህና ናቸው?» ከማለት ይድናሉ። ከዚያ በኋላ ይደውሉ፤ «ስንት ወለድሽ?» የሚለውን ግን ለሌላ ቀን ያቆዩት።